ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እንዲታይ፦ ስለ ሪሙክስና ፋይል ማዘጋጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ ፎቶ ቤቶች፣ ከአራት ኪሎ ኤዲተሮች፣ ከሜክሲኮና ከስታዲየም አካባቢ ቢሮዎች፣ ከስድስት ኪሎ ተማሪዎች የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ "ቪዲዮውን ኮምፕረስ አድርጉልኝ" በሚል ይጀምራል። ፋይሉ ሲከፈት ግን መጭመቅ የማያስፈልገው ሆኖ ይገኛል፤ የተበላሸው አስተሻሸጉ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች አንድ አካሄድ አላቸው፦ መጀመሪያ የፋይሉን ውስጥ ማየት፣ ቀጥሎ ምስሉን የማይነካውን ጥገና (ሪሙክስ) መሞከር፣ መጭመቅን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ።

ሪሙክስ ምንድን ነው? ኮንቨርት ከማድረግ በምን ይለያል?

ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ፣ ሞቭ፣ ቲኤስ የምንላቸው የመያዣ ስሞች ናቸው። በመያዣው ውስጥ ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ተጨምቀው ይቀመጣሉ፤ ምስሉ በኤች.264፣ በኤች.265፣ በቪፒ9 ወይም በኤቪ1፣ ድምፁ በኤኤሲ፣ በኤምፒ3፣ በኤሲ3 ወይም በዲቲኤስ። እነዚህ የመጨመቂያ ዘዴዎች ኮዴክ ይባላሉ። ሪሙክስ ጤፉን ከአንድ ጆንያ ወደ ሌላ ጆንያ መገልበጥ ነው፤ ፍሬው አይነካም። ኮንቨርት ማድረግ ወፍጮ ቤት መውሰድ ነው፤ የተፈጨው ወደ ፍሬነቱ አይመለስም።

ሪሙክስ የጥራት ኪሳራ የለበትም፣ ፕሮሰሰርም አያስጨንቅም። የ1 ጊጋባይት ፋይል በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ዲስኩ ነው። ከፍላሽ እያነበበ መልሶ እዚያው ፍላሽ ላይ እንዲጽፍ ካዘዙት ግን ብዙ ይጎተታል። መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡት።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 ቀይሮ መጻፍ ሪሙክስ አይደለም። ውስጡ እንደነበረ ይቀራል፣ አንዳንዱ ማጫወቻ ብቻ ይታለላል።

ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ የሚጫወት ፋይል ድረ ገጽ ላይ ስሰቅለው ለምን አልነሳ ይላል?

ከሁሉ በላይ የምንሰማው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ኤምፒ4 ፋይል የራሱ ማውጫ አለው፤ የትኛው ፍሬም (ነጠላ ምስል) የት ቦታ እንዳለ፣ መቼ መታየት እንዳለበት የተመዘገበበት ክፍል፣ ሙቭ ይባላል። ካሜራውም ኤዲቲንግ ፕሮግራሙም ማውጫውን የሚጽፉት ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስለሆነ በፋይሉ ጅራት ላይ ያርፋል። ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሲሆን ማጫወቻው በቅጽበት ጅራቱን አንብቦ ይመለሳል። በኢንተርኔት ሲሆን ግን መጀመሪያውን ይጠይቃል፣ ማውጫ የለም፤ ጅራቱን ይጠይቃል፣ ያገኘዋል፤ ተመልሶ መጀመሪያውን ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከፋይሉ መሃል ቆርሶ መስጠት የማይችል ከሆነ ደግሞ ፋይሉ በሙሉ እስኪወርድ ምንም አይታይም።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከውጭ ሰርቨር የሚመጣው መረጃ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ከባሕር ገመድ ጋር ይገናኛል። እያንዳንዱ መመላለስ ጊዜ ይበላል፤ ደካማ የሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ተመልካቹ ጥቁር ሳጥን እያየ ገጹን ይዘጋዋል።

መድኃኒቱ ማውጫውን ወደ ፊት ማምጣት ነው፤ ፋስትስታርት ይባላል። ምስሉ አይነካም። ሃንድብሬክ በሚባለው የመጨመቂያ ፕሮግራም "ዌብ ኦፕቲማይዝድ" የሚለውን ሳጥን መምረጥ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ የኤክስፖርት ገጽ ላይ "ኔትወርክ ኦፕቲማይዜሽን" የሚለውን ማብራት ነው። ኤክስፖርት ሲደረግ ቢመረጥ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ብዙ ኤዲተር ግን አያየውም።

ማውጫው ከፊት ሆኖም ካልተነሳ ሰርቨሩን ይመርምሩ። የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍተው ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ይዩ፤ ለቪዲዮው የተሰጠው መልስ 206 መሆን አለበት። 200 ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ ቆርሶ አይሰጥም ማለት ነው፤ ተመልካቹም ወደፊት መዝለል አይችልም። ያኔ ጥያቄው ለሆስቲንግ ድርጅቱ ነው።

የፋይሉን ውስጥ በምን ላየው እችላለሁ?

ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ለኮምፒውተርም ለስልክም። ፋይሉን ከፍተው አምስት ነገር ይመልከቱ፦ መያዣው፣ የምስሉ ኮዴክ፣ ቢትሬቱ (በአንድ ሰከንድ ስንት ኪሎቢት እንደሚይዝ)፣ የፍሬም ፍጥነቱ ቋሚ ወይስ ተለዋዋጭ መሆኑ፣ የድምፁ ኮዴክ። በዝርዝር እይታው ደግሞ "ኢዝ ስትሪመብል" የሚል መስመር ይገኛል፤ "የስ" ካለ ማውጫው ከፊት ነው።

ቢት ዴፕዝ የሚለውንም፣ የቀለሙን ዝርዝር መጠን፣ አይዝለሉት። ኤች.264 ሆኖ 10 ቢት ከሆነ ብራውዘሩም ስልኩም ብዙ ጊዜ አያጫውተውም፤ በሪሙክስም አይድንም፣ ወደ 8 ቢት እንደገና መጨመቅ አለበት።

ሪሙክሱን በየትኛው ፕሮግራም፣ እንዴት አድርጌ ልሥራ?

ለጀማሪ ሎስለስከት ይቀላል። ፋይሉን ጎትተው ይጥሉበታል፣ ከታች የመውጫ ፎርማቱን ኤምፒ4 ያደርጋሉ፣ ኤክስፖርት ይላሉ።

አቪዲሙክስ ትንሽ ሰፋ ያለ ቁጥጥር ይሰጣል። በግራ በኩል ሦስት ምርጫ አለ። የቪዲዮው ላይ "ኮፒ"፣ የኦዲዮው ላይ "ኮፒ"፣ የመውጫ ፎርማቱ ላይ "ኤምፒ4 ሙክሰር" ይምረጡ። ከሦስተኛው ሥር ያለውን "ኮንፊገር" ሲጫኑ ማውጫውን ወደ ፋይሉ መጀመሪያ የማዞር ምርጫ ያገኛሉ። ከዚያ ሴቭ ነው።

ኤምኬቪቱልኒክስ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን የሚያወጣው ኤምኬቪና ዌብኤም ብቻ ነው። ኤምፒ4 ከፈለጉ አይሆንም። ሃንድብሬክ ደግሞ በስህተት ለሪሙክስ ይፈለጋል፤ ሃንድብሬክ ምስሉን ሁልጊዜ እንደገና ይጨምቃል፣ ያለመጨመቅ ምርጫ የለውም።

ትእዛዝ መጻፍ የለመደ ሰው ኤፍኤፍኤምፔግን ይዞ ኮዴኩን "ኮፒ" ማለት፣ ሙቭፍላግስ የሚለውን ምርጫ "ፋስትስታርት" ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ቆም ያለ ቢመስል አይዝጉት፤ ማውጫውን ወደ ፊት ለማምጣት ፋይሉን ሁለተኛ ጊዜ እየጻፈው ነው።

ኤምኬቪውን ኤምፒ4 አደረግኩት፤ ምስሉ አለ፣ ድምፁ ጠፋ። ምን ሆነ?

ድምፁ አልጠፋም፤ የሚያነበው አጣ። ዲቲኤስን ብራውዘሮች አያውቁትም፣ ብዙ ቴሌቪዥንም አይቀበለውም። ኤሲ3ን ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ያነቡታል፤ ክሮም ግን አያነበውም። ምስሉን እንዳለ ኮፒ አድርገው ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ ይቀይሩ፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ፣ 128 ኪሎቢት በሰከንድ። በአቪዲሙክስ የኦዲዮውን ምርጫ ከኮፒ ወደ ኤኤሲ መለወጥ ማለት ነው። የድምፅ ሥራ ቀላል ስለሆነ የሁለት ሰዓት ፊልም እንኳ ቶሎ ያልቃል።

ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ወደ ስቴሪዮ ሲወርድ ንግግሩ ዝቅ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል። 3 ወይም 4 ዴሲቤል መጨመር ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ጮክ ያለው ቦታ ይሰነጠቃል።

ከኤምኬቪው ጋር የነበረው የትርጉም ጽሑፍም ላይከተል ይችላል። ከብሉሬይ የመጣ፣ በሥዕል መልክ ያለ የትርጉም ጽሑፍ ኤምፒ4 ውስጥ አይገባም።

ለእኛ አገር ኢንተርኔት ስንት ኪሎቢት ልጠቀም?

ቀመሩን ከያዙ ሌላው ቀላል ነው። የምስሉንና የድምፁን ኪሎቢት ደምረው በ0.45 ያባዙ፤ የሚያገኙት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በሜጋባይት ነው። 2,000 ለምስል፣ 128 ለድምፅ ቢሰጡ 2,128 ይሆናል፤ በ0.45 ሲባዛ 958 ሜጋባይት ገደማ። ማለትም ተመልካቹ የ1 ጊጋባይት ፓኬጅ ገዝቶ አንድ ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ያያል። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ "ጥራቱን ከፍ አድርጉት" ማለት የሰው ብር ማባከን ነው።

ሰው ቁጭ ብሎ ለሚናገርበት ቪዲዮ፣ ለትምህርት፣ ለስብከት፣ ለቃለ መጠይቅ የምንመክረው ይህን ያህል ነው (360 መስመር ማለት 360ፒ የሚባለው የምስል ቁመት ነው)፦

360 መስመር፦ ምስል 450፣ ድምፅ 64፤ በሰዓት 231 ሜጋባይት ገደማ።
480 መስመር፦ ምስል 800፣ ድምፅ 96፤ በሰዓት 403 ሜጋባይት ገደማ።
720 መስመር፦ ምስል 1,500፣ ድምፅ 96፤ በሰዓት 718 ሜጋባይት ገደማ።
1080 መስመር፦ ምስል 3,500፣ ድምፅ 128፤ በሰዓት 1.6 ጊጋባይት ገደማ።

እስክስታ፣ እግር ኳስ፣ ብዙ ሰው የሚንቀሳቀስበት የሰርግ አዳራሽ ከሆነ በምስሉ ላይ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይጨምሩ። ኮንፈቲና የሚብለጨለጭ መብራት ለኮዴክ ፈተና ናቸው፤ በትንሽ ቢትሬት ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ስላይድ ብቻ የሚታይበት ቪዲዮ በተቃራኒው ከዚህ በግማሽ ይበቃዋል።

የተመልካቹን ፍጥነት የሚለኩት ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይሁን፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን የሚይዝበት ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ያሳስታል። ማታ 3 ሜጋቢት ካገኙ ቪዲዮው በአጠቃላይ ከ1.5 እስከ 2 ሜጋቢት መብለጥ የለበትም።

አማካዩ ትክክል ሆኖ ቪዲዮው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚቆምስ? ያ ቦታ ላይ ቢትሬቱ አሻቅቧል ማለት ነው። አማካዩ 1,500 የሆነ ፋይል የጭፈራው ትዕይንት ላይ 6,000 ሊደርስ ይችላል፤ መስመሩ ያንን አይሸከምም። ጣሪያ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ቀጣዩ መልስ ውስጥ አለ።

መጭመቅ ግድ ከሆነብኝ በሃንድብሬክ ምን ምን ልምረጥ?

"ፋስት 720ፒ30" ከሚለው ዝግጁ ቅንብር ይነሱና እነዚህን ያስተካክሉ። የቪዲዮ ኮዴኩ ኤች.264፣ በኤክስ264 የሚሠራው። ጥራቱን "ኮንስታንት ኳሊቲ" አድርገው 22 ወይም 23 ላይ ያቁሙት። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል፤ በ6 ሲቀንስ ቢትሬቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ከ18 በታች መውረድ ለኢንተርኔት ትርፍ የለውም፤ ከ28 በላይ ከወጣ ፊት ላይ ያለው ዝርዝር ይጠፋል።

ተጨማሪ ምርጫ የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጣሪያውን ያስገቡ፦ ቪቢቪ ማክስሬት 2,500፣ ቪቢቪ ባፍሳይዝ 5,000፣ ለ720 መስመር። በዚያው ሳጥን ኪኢንት የሚባለውን፣ በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች (ሌሎቹ ፍሬሞች የሚመሠረቱባቸው ሙሉ ምስሎች) መካከል ያለውን ትልቁን ርቀት፣ ይወስኑ። ኤክስ264 ካልተነገረው 250 ፍሬም ይወስዳል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ 10 ሰከንድ ነው። ተመልካቹ ወደፊት ሲዘል ማጫወቻው ቁልፍ ፍሬም እስኪያገኝ ይንገዳገዳል። 50 ይበሉት፤ ቪዲዮው ባለ 30 ፍሬም ከሆነ 60። ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል፤ ያዋጣል።

የኢንኮደሩን ፍጥነት "ሚዲየም" ወይም "ስሎው" ላይ ይተዉት። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ኢንኮደር በጣም ይፈጥናል፤ ለተመሳሳይ ጥራት ግን ትልቅ ፋይል ያወጣል። አንድ ጊዜ ተጨምቆ ሺህ ጊዜ ለሚታይ ቪዲዮ ሌሊቱን አድሮ ቢሠራ ይሻላል፣ መብራቱ ካመነ።

ሁሉንም ከመጀመርዎ በፊት በጣም የሚንቀሳቀሰውን የ30 ሰከንድ ክፍል ብቻ ይጭመቁና በስልክ ይዩት።

ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል ይባላል። ለምን ሁሉን በእሱ አንሠራም?

ያሳንሳል፤ ለተመሳሳይ ጥራት ከኤች.264 በግምት ከሩብ እስከ ግማሽ ያነሰ ቢትሬት ይፈልጋል። ለማኅደር፣ ለራስ ዲስክ ጥሩ ነው። ለሕዝብ ለሚለቀቅ ግን ኤች.264 ገና ንጉሥ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስለሆነ እጅ ላይ ያለው ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል በቺፑ ያነበዋል። ኤች.265ን፣ የ2013 እ.ኤ.አ.ውን፣ በቺፑ የማያነብ ርካሽ ስልክ በፕሮሰሰሩ ለመፍታት ይሞክራል፤ ይሞቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ምስሉ ይጎተታል። ተመልካቹ ደግሞ ጥፋቱን የኔትወርክ ያደርገዋል።

ኤች.265 ኤምፒ4 ፋይል አንድሮይድ ላይ ሠርቶ አይፎን ላይ እምቢ ካለ መለያ ምልክቱን ይመልከቱ። አፕል የሚፈልገው "ኤችቪሲ1" የሚለውን ነው፤ ብዙ ፕሮግራም "ኤችኢቪ1" ብሎ ይጽፋል። በኤፍኤፍኤምፔግ ሪሙክስ ሲደረግ መለያውን መቀየር ይበቃል።

በስልክ የቀረጽኩት ቪዲዮ ኤዲት ሳደርገው ድምፁና አፉ ተለያየ፤ ቀለሙም ደበዘዘ።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ስልክ ብርሃን ሲያንስ የፍሬም ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲበራ ይመልሳል። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፍጥነቱ ቋሚ ነው ብሎ ከተቀበለው ድምፁ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፣ መጨረሻ ላይ ይብሳል። ስለዚህ ኤዲት ከማድረግ በፊት በሃንድብሬክ "ኮንስታንት ፍሬምሬት" መርጠው፣ ጥራቱን 18 ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ያሳልፉት። በ30 የተቀረጸውን 30 ያድርጉት። 25 የቴሌቪዥን ጣቢያ መለኪያ ነው፤ ጣቢያ ካልጠየቀዎት 30ውን ወደ 25 ማውረድ እንቅስቃሴውን ያነጥረዋል።

የደበዘዘው ቀለም ከኤችዲአር፣ ሰፊ የብርሃንና የቀለም ክልል ካለው አቀራረጽ፣ ነው። ከአይፎን 12 ወዲህ ያሉት ሳይጠየቁ በኤችዲአር ይቀርጻሉ። ከካሜራው ቅንብር ኤችዲአር ቪዲዮን ማጥፋት፣ ፎርማቱንም "ሞስት ኮምፓቲብል" ማድረግ ነው። የተቀረጸው ካለፈ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ወደ መደበኛ ቀለም ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሪሙክስ አያድነውም።

እግረ መንገድ፦ ቤት ውስጥ በመብራት ሲቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር የሚወርድ ከሆነ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት።

ቀረጻ መሃል መብራት ጠፋ፤ ኤምፒ4ው አልከፈት አለ።

ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው ብለናል። መብራት ሲጠፋ ምስሉ ዲስክ ላይ አለ፣ ማውጫው ግን አልተጻፈም። በመጀመሪያ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር አይቅረጹ፣ ፎርማትም አያድርጉ። ካርዱን መልሰው ካሜራው ውስጥ ሲከቱት አንዳንድ ካሜራ "ልጠግነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ይበሉት። ካልጠየቀ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው አንትራንክ በሚባል ፕሮግራም ይሞክሩ። ይህ ፕሮግራም በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ይፈልጋል፤ ከእሱ አይቶ የጠፋውን ማውጫ ይሠራል። በሌላ ካሜራ የተቀረጸ ናሙና አይጠቅምም።

ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር መቅረጫ ፕሮግራም የሚቀርጹ ከሆነ መከላከያው ቀላል ነው። የመቅረጫ ፎርማቱን ኤምኬቪ ያድርጉት። ኤምኬቪ በየመንገዱ እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ቢጠፋ የሚጎድለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ናቸው። ሲጨርሱ "ፋይል" ከሚለው ሥር "ሪሙክስ ሬኮርዲንግስ" ብለው ኤምፒ4 ያወጣሉ፤ በአድቫንስድ ቅንብር ውስጥ ይህን በራሱ እንዲያደርግ ማዘዝም ይቻላል።

ከኢትዮሳት ሪሲቨር በፍላሽ የተቀዳ ፕሮግራምና የድሮ የሰርግ ዲቪዲ አለኝ። በሪሙክስ ብቻ ይሆናሉ?

የሪሲቨሩ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ቲኤስ ነው። ምስሉ ኤች.264 ከሆነ ወደ ኤምፒ4 መገልበጥ ይቻላል፤ ድምፁ ኤምፒ2 ከሆነ ግን ወደ ኤኤሲ መቀየር አለበት። በክረምት ዝናብ ሲግናሉ እየተቆራረጠ የተቀዳ ከሆነ የጊዜ ምልክቱ ይዘላል፣ ድምፁም ይቀድማል ወይም ይዘገያል። የተበላሹትን ቦታዎች በሎስለስከት ቆርጦ ማውጣት ከሁሉ ይሻላል። ሳይጨመቅ የሚቆረጠው ግን ቁልፍ ፍሬም ላይ ብቻ ነው፤ መነሻው ካሰቡት ትንሽ ቀደም ቢል አይገረሙ።

ዲቪዲ ሌላ ነው። ምስሉ ኤምፔግ2 ስለሆነ ብራውዘር አያነበውም፣ ስለዚህ መጨመቅ ግድ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚወጣው መስመር ምስሉ በየተራው መስመር ስለተቀረጸ ነው፤ በሃንድብሬክ የፊልተር ገጽ ላይ "ዲኢንተርሌስ" ያብሩ። የፓል ዲቪዲ 720 በ576 ነው፤ ነጥቦቹ (ፒክስሎቹ) ግን ጎናቸው እኩል አይደለም። ሰፊው ምስል 1024 በ576፣ የድሮው ቅርጽ 768 በ576 ሆኖ መታየት አለበት። ይህ ከተረሳ ሙሽሮቹ ቀጥነው ይታያሉ። ወደ 1080 ማሳደግ ፋይሉን ያወፍራል እንጂ የሌለ ዝርዝር አያመጣም።

የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ቴሌቪዥን ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይሆናል።

ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፋይሉ ትክክል ነው፣ ፊደል አቅርቦ መሣል ያቃተው ማሳያው ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ቴሌቪዥን ላይም እንዲታይ ከተፈለገ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው። በሃንድብሬክ የሰብታይትል ገጽ ላይ የትርጉም ጽሑፉን ኤስአርቲ ፋይል አስገብተው "በርን ኢን" ይመርጣሉ። ኮምፒውተሩ ላይ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ መጫኑን ቀድመው ያረጋግጡ፤ የ30 ሰከንድ ሙከራ ሳያዩ ሙሉውን አይጀምሩ።

ሳጥን ሳይሆን የጥያቄ ምልክት ከሆነ የባሰ ነው። ኤስአርቲው በኖትፓድ ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ "አንሲ" ተብሏል፣ ፊደሎቹ እዚያው ጠፍተዋል፣ አይመለሱም። ሁልጊዜ "ዩቲኤፍ-8" ብለው ያስቀምጡ። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ከሆነ ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው፤ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል።

የፊደላችን ቁመናው ሰፊ ስለሆነ በአንድ መስመር ከ30 ፊደል ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ባይበልጥ በትንሽ ስልክ ላይም ይነበባል።

ለቴሌግራም እና ለዩቲዩብ ዝግጅቱ ይለያያል?

በጣም። ቴሌግራም ላይ እየወረደ እንዲታይ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ ኤኤሲ፣ ማውጫው ከፊት መሆን አለበት። ለተራ ተጠቃሚ የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነው። ከስልክ "ቪዲዮ" ብለው ሲልኩ መተግበሪያው ራሱ ይጨምቀዋል፤ ያዘጋጁት እንዳይነካ "ፋይል" ብለው ይላኩ።

ዩቲዩብ የሰጡትን ሁሉ እንደገና ስለሚጨምቅ አሳንሶ መስጠት ሁለት ጊዜ መፍጨት ይሆናል። የራሱ ምክር ለ1080 መስመር 8 ሜጋቢት፣ ለ720 መስመር 5 ሜጋቢት ነው። ባለ 8 ሜጋቢት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል፤ በ5 ሜጋቢት መስመር ለመጫን 96 ደቂቃ ይፈጃል፣ መስመሩ ካልተቋረጠ። ይህ ከከበደ 720 ይላኩ።

ኤችኤልኤስ ያስፈልገኛል?

ቪዲዮው አጭር ከሆነ አያስፈልግም፤ በትክክል የተዘጋጀ አንድ ኤምፒ4 ይበቃል። ረጅም ትምህርት፣ ብዙ ተመልካች፣ የተለያየ ፍጥነት ሲኖር ግን ይጠቅማል። አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. ያመጣው አሠራር ነው፦ ቪዲዮው በሁለት ሦስት ጥራት ተዘጋጅቶ በየ6 ሰከንዱ ይቆራረጣል፣ ማጫወቻው እንደ መስመሩ ፍጥነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የሁሉም ጥራት ቁልፍ ፍሬሞች አንድ ሰከንድ ላይ ካልተገናኙ ሽግግሩ ላይ ምስሉ ይዘላል። ቁልፍ ፍሬሙን በየ2 ሰከንዱ ቋሚ ማድረግ፣ ትዕይንት ሲቀየር በራሱ የሚጨምረውን ማጥፋት ነው። 360፣ 480 እና 720 ለእኛ ተመልካች በቂ ናቸው። 360ውን መጀመሪያ የሚነሳው ያድርጉት፤ ቶሎ ይከፈታል፣ ከዚያ ይሻሻላል።

ተዘጋጅቷል ብዬ ከመልቀቄ በፊት በምን ልፈትሸው?

በቪኤልሲ አይሁን። ቪኤልሲ የራሱን ማንበቢያ ሁሉ ይዞ ስለሚዞር የማያጫውተው ነገር የለም ማለት ይቀላል፤ እሱ ላይ መሥራቱ ምንም አያረጋግጥም። ፋይሉን ጎትተው ክሮም ላይ ይጣሉት። ቀጥሎ ሰው እጅ ላይ ባለው ርካሽ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ወደ መሃል ይዝለሉ፣ ወደ መጨረሻው ይዝለሉ፤ መጨረሻው ላይ አፍና ድምፅ መገናኘታቸውን ይዩ።

ሰው የሠራውን ፊልም ሪሙክስ አድርጌ ቻናሌ ላይ ብለቀውስ?

መያዣ መቀየር ባለቤትነት አይቀይርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ፍላሹ ላይ 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ፤ የ5 ጊጋባይቱን ፋይል ግን አልቀበል አለ።

ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው ኤክስፋት አድርገው ፎርማት ያድርጉት። የሚጫወትበት ቴሌቪዥን የቆየ ከሆነ ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል ያኔ ፍላሹን ሳይነኩ ፋይሉን በሎስለስከት ለሁለት ይክፈሉት።